አንቱ የሚባባሉ ልጆች

የእኔ ሥራ በሌላ ሰው አፍ መናገር ነበር። ሐኪም ፊት ተቀምጬ «ወገቤን ያመኛል» ስል ያመመኝ እኔ አልነበርኩም። ዳኛ ፊት «አላደረግኩትም» ስል የተከሰስኩት እኔ አልነበርኩም። አስተርጓሚ «እኔ» የሚለው ባለጉዳዩን ሆኖ ነው። ስለ ራሱ መናገር ሲኖርበት «አስተርጓሚዋ ይህን ቃል አላወቀችውም» እያለ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ይጠራል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሆኜ ስለኖርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ስለ ራሴ «እኔ» ብዬ ስጽፍ ትንሽ ያሳፍረኛል።

የመታወቂያ ባጄን ከመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። ሥራውም ቢሆን የማውቀው ሥራ አልነበረም። ሆስፒታሎቹ ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ገዝተዋል፤ ነርሷ እየገፋች ታመጣዋለች፣ አስተርጓሚው ሌላ ስቴት ሆኖ በስክሪኑ ይታያል። አሁን ደግሞ ጭራሹን ሰው የሌለበትም መጥቷል። አላማርርም፤ ለቀላል ጉዳይ ይሆናል። የእኔ ሥራ ግን ከሰው አጠገብ መቀመጥ ነበር።

የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ምጥ ሲይዛት ተከትያት ሄድኩ፤ አዋላጇ የምትለውን ለእሷ፣ እሷ የምትለውን ለአዋላጇ ሳሳልፍ ልጁ ተወለደ። አዋላጇ ስትወጣ የአንድ ኤጀንሲ ስልክ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ፈተና ወስጄ ገባሁ። ክፍያው በሰዓት ነበር፤ ለመንዳቱ አይታሰብም። ሥራ የምታከፋፍለን ሴት ከመንጋቱ ኮል ታደርገኝና ጠዋት ቤቴ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሰዓት ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ትልከኛለች። ጥሩ አለቃ ነበረች፤ ለለቅሶ ፈቃድ ስጠይቃት ማን እንደሞተብኝ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ይልማ ናቸው። አገር ቤት በፍርድ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ደርግ ሲመጣ ወጥተው፣ እዚህ ታክሲ እየነዱ ጎን ለጎን ያስተረጉሙ ነበር። ኮሌጅ ፓርክ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኋላቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር።

ጋሽ ይልማ ወንበራቸውን ሁልጊዜ ከበሽተኛው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያደርጉታል። «ሁለቱ እኔን ማየት የለባቸውም፤ እርስ በርሳቸው ነው መተያየት ያለባቸው» ይሉኛል። ስድብ አያለሳልሱም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሐኪሙን ክፉኛ ሲሰድቡት፣ ጋሽ ይልማ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ አንዱንም ሳያስቀሩ በእንግሊዝኛ አወረዱት። ሐኪሙ ደንግጦ ሲያያቸው ጣታቸውን ወደ ሽማግሌው ቀሰሩ፤ መልስህን ለእሳቸው ስጥ ማለታቸው ነበር። ቃል ሲጠፋቸው አያፍሩም፤ ቆም አድርገው ይጠይቃሉ። ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ከባለጉዳይ ጋር አሳንሰር አይገቡም። ጉልበታቸውን እያመማቸው በደረጃ ይወርዳሉ።

«ለምን ይሠቃያሉ፣ ጋሽ?» አልኳቸው።

«አሳንሰር ውስጥ 'እርስዎ ምን ይመስልዎታል?' ይሉሻል» አሉኝ። «ምን እንደመሰለሽ ከተናገርሽ በኋላ አስተርጓሚ አይደለሽም፤ ዘመድ ነሽ። በማግስቱ ደግሞ ዘመድም አስተርጓሚም የላቸውም።»

ከጋሽ ይልማ የተማርኩት ሁሉ የተፈተነው በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። የምጽፈውም ልጃቸው ጻፊው ስላሉኝ ነው። ለልጃቸው አንቱ የምለው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

አቶ ደምሴና ወይዘሮ ጥሩወርቅ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ አፓርትመንት ውስጥ ይኖሩ ነበር። አቶ ደምሴ ታክሲ ነጂ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት በተከለለች ትንሽ ክፍል ተቀምጠው ገንዘብ ይቀበላሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሃይ ስኩል የሚማሩ። ሴት ልጅ ብለው ወልደው፣ ሴት ልጅ ብለው ክርስትና አስነሥተው ያሳደጉት ልጅ ነው። የክርስትናውንም ሆነ የቤቱን ስም እዚህ አልጽፈውም። ልጁ ራሳቸውን የሚጠሩት አማን ብለው ነው።

ትምህርት ቤቱ የጠራኝ ለስብሰባ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተማሪዎች አማካሪዋ ካውንስለር፣ ሁለቱ ወላጆችና አማን አሉ። ስብሰባውን የጠየቁት አማን መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። የአማን አማርኛ ቤት ውስጥ የሚበቃ አማርኛ ነው፤ ወላጆቻቸው የሚያውቁት እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ እንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሁለቱም አልበቃ ስላሉ፣ የአክስት ልጅ ወይም የሰፈር ሰው ሳይሆን የማያውቃቸው አስተርጓሚ ይምጣ ብለው አማን ለመኑ።

ካውንስለሯ ስለ አማን ስትናገር በእንግሊዝኛ ወንድ ወይም ሴት የሚለውን ትታ፣ ለብዙ ሰው የሚሆነውን ቃል ትጠቀማለች። እኔም የሰማሁትን አሳለፍኩ።

«እነሱ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። እነሱ በጣም እንደከፋቸው ነግረውኛል።»

አቶ ደምሴ ወደ በሩ ዞረው አዩ። «እነማን ናቸው? ስንት ልጅ ነው ያለው እዚህ ጉዳይ ውስጥ?»

ጋሽ ይልማ እንዳስተማሩኝ አቆምኩ። «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» ብዬ፣ በአማርኛ ወንድም ሴትም ሳይሉ ስለ አንድ ሰው መናገር እንደሚያስቸግር ለካውንስለሯ ነገርኳት። መልሱ የመጣው ከአማን ነው፤ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ እንደደበቁ በአማርኛ ተናገሩ።

«እኛ 'እሳቸው' ነው የምንለው። አንቱ ነው የምንባባለው። አንቱ ወንድ ነው ሴት ነው አይልም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። «አንቱ? እርስ በርሳችሁ? ልጆቹ?»

«አዎ» አሉ አማን።

ስንት ዓመት አማርኛ ሳገላብጥ ኖሬ እኔ አላየሁትም ነበር። ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለአማት የምንለው አንቱ ጾታ የለውም። ልጆቹ ይህን ፈልገው አግኝተው ለራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ካውንስለሯ ስትናገር «እሳቸው» እያልኩ አስተረጎምኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ግራ የገባው ሰው አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ እንዲሁ እላለሁ።

እነዚያ ልጆች እነማን እንደሆኑ አማን በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ እኔ አማን ሆኜ በአማርኛ ተናገርኩ። ኢንተርኔት ላይ የሚገናኙ የሐበሻ ልጆች ናቸው። አንዱ ሚኒያፖሊስ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ ሌሎችም የትና የት። ሁሉም በየቤታቸው ለማንም ያልነገሩት ጥያቄ አላቸው፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ሁለቱንም ነኝ፣ ወይስ አንዱንም አይደለሁም የሚል። ማታ ማታ ቤት ሥራቸውን እየሠሩ ድምፅ ከፍተው ያወራሉ። ሁልጊዜ ስለዚህ ጉዳይም አይደለም፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ጾም ምግብ፣ ስለ እናቶቻቸው ቁጣም ያወራሉ። አንድ ልጅ አዲስ ስም ልሞክር ካለ ሁሉም በዚያ ስም ይጠሩታል። ካልተስማማው ይቀይራል፤ የሚቆጣው የለም።

አቶ ደምሴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲወጡ «እናስብበታለን» ብቻ አሉ።

ሲያስቡበት የልጃቸውን ስልክ ወሰዱ፤ የቤቱንም ኢንተርኔት አስቆረጡ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ልጃቸው የማያውቋቸው ሰዎች እጅ ውስጥ የወደቀች መሰላቸው። ይህንንም የሰማሁት ከአቶ ደምሴ አፍ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አማን ክፍል ውስጥ መናገር አቁመው፣ ካውንስለሯ ሁለተኛ ስብሰባ ስትጠራ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተጠነቀቅኩበት ቀን የለም። አማን ለአባታቸው ሊያስረዱ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። በእንግሊዝኛ የተጠቀሙበት ቃል፣ አንድን አገር እየዞሩ ለማየት፣ አንድን ነገር እየነካኩ ለማወቅ የሚባለው ቃል ነው። መመርመር ብል የሐኪም ነው። ማሰስ ብል የሌባ ፍለጋ ይመስላል። መፈለግን መረጥኩ።

«መጀመሪያ ወንድ ነኝ ብዬ ነበር» አልኩ አማን ሆኜ። «አልሆነልኝም። ከዚያ ሌላ ስም ሞከርኩ፣ እሱም አልሆነም። አሁንም እየፈለግኩ ነው። እዚያ ልጆቹ ጋ 'እየፈለግኩ ነው' ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ቤት ውስጥ አይቻልም። ስልኬን ሲወስዱት የወሰዱት ስልክ አይደለም። 'ዛሬ እንዴት ዋሉ?' ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ነው።»

አቶ ደምሴ አቀርቅረው ከሰሙ በኋላ ቀና ብለው እኔን ሳይሆን ልጃቸውን አዩ። ድምፃቸው አልጨመረም።

«የሚፈለግ የጠፋ ነገር ነው» አሉ። «አንቺ መች ጠፋሽ? ከተወለድሽ ቀን ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋሽም። ታክሲ ውስጥ ቀን ከሌት የምቀመጠው ማን እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው። እኔ የማውቀውን እነዚያ ልጆች ከየት አምጥተው ነው የሚነግሩሽ?»

ይህንንም ቃል በቃል አሳለፍኩ። አማን ሲሰሙ ዓይናቸው ሞላ። አባታቸው እንደሚወዷቸው በዚያች ደቂቃ ከእኔ አፍ ሰምተዋል። ከዚያው አፍ ደግሞ የሚወዱት ሌላ ሰው እንደሆነ ሰምተዋል።

«የሚያውቁትን ሰው ነው የሚወዱት» አሉ አማን። «እኔን ገና አያውቁኝም።»

አሳለፍኩ። አቶ ደምሴ ተነሡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ለካውንስለሯ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ፣ ወጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በባላቸውና በልጃቸው መካከል ትንሽ ቆመው፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ተከተሉ።

አንድ ቃል አልሳትኩም። ያልጨመርኩት፣ ያልቀነስኩት ነገር የለም። ፈተና ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። ግን አንዱ ለሌላው የደረሰ ነገር አልነበረም። ጋሽ ይልማ ያን ጊዜ ታመው ከቤት አይወጡም ነበር። ቅዳሜ ኮሌጅ ፓርክ ሄጄ፣ ስም ሳልጠራ፣ ስለዚያች ቃል ብቻ ጠየቅኳቸው። ከመፈለግ የተሻለ ነበር ወይ? አልጋቸው ላይ ቀና አሉ።

«እኔም ያንኑ ነበር የምለው» አሉኝ። «ሌላ ቢኖር ኖሮ ደስ ባለኝ።» ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ።

አማን ትምህርታቸውን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከቤት ወጡ። ኮሌጅ ፓርክ ከአንድ ጓደኛ ጋር ቤት ተጋርተው ተቀመጡ። ከላንድማርክ ኮሌጅ ፓርክ በሜትሮ የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ አባትና ልጅ ግን ሁለት ዓመት አልተያዩም። እናቲቱም የሚሄዱ አይመስለኝም ነበር። የሆነውን ያወቅኩት ሥራ የምታከፋፍለን ሴት አንድ ቀን «አንቺን በስምሽ ጠየቁ፤ ስክሪኑን አንፈልግም አሉ» ብላ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ስትልከኝ ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጋ ላይ ነበሩ። ካንሰሩ ጉበት ደርሶ፣ ሐኪሙ የቀረውን ጊዜ ሊነግራቸው ነው የተጠራሁት። ነገራቸው፤ አሳለፍኩ። ከወጣ በኋላ ሥራዬ አልቆ ስነሣ እጄን ያዙኝ።

«አይሂዱ፤ ልጄ እየመጣች ነው» አሉ። ቀጥለው ራሳቸውን አረሙ። «እየመጡ ነው። ለእሳቸው እንዲያስተረጉሙልኝ ነው በስም ያስጠራሁዎት።»

አማንን እስክንጠብቅ ነገሩኝ። ልጃቸው ከቤት የወጡ ሰሞን ወይዘሮ ጥሩወርቅ አብራቸው የምትሠራ ልጅ ስልካቸው ላይ የእነዚያን ልጆች ቦታ እንድትከፍትላቸው አደረጉ። ማን እንደሆኑ ለልጆቹ አስቀድመው ነገሩ፤ ልጆቹም ተመካክረው፣ እናቶችም ገብተው የሚሰሙበት አንድ የውይይት ክፍል ለይተው አስገቧቸው። ፓርኪንጉ ጭር ሲል፣ በመስታወቷ ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። መጀመሪያ ሲሰሙ ብቻ ከረሙ። በኋላ «እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። ልጆቹ በተሰባበረ አማርኛ እግዚአብሔር ይመስገን አሏቸው። የስቶክሆልሟ የአማርኛ ፊደል ጠየቀቻቸው። የሚኒያፖሊሱ ቤት ተዘግቶበት ከጓደኛ ሶፋ ላይ ሲያድር፣ በየቀኑ በልቶ እንደሆነ ይጠይቁት ነበር። አማንም በዚያ በኩል ድምፃቸውን ይሰሙ ነበር። ልጆቹን እንደሚሰሙ ግን አንድ ጊዜም አቶ ደምሴ ፊት አላነሡም።

አማን ገቡ። ፀጉራቸው አጥሯል፣ ከስተዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወንበሬን ከበሽተኛዋ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ አደረግኩ። በእናትና በልጅ መካከል ማስተርጎም ከሁሉም ይከብዳል። አንዷ ወልዳ ያሳደገችውን ሰው ቋንቋ ከእኔ ስትሰማ፣ ባልኖር ይሻል ነበር ያሰኛል።

«አንቱ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፈገግ ብለው። «ምሳ በልተዋል?»

ይህንን ማስተርጎም አላስፈለገም። አማን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም» ቀጠሉ እናት። «አልገባኝም። ሳይገባኝ ነው የምሄደው። ግን እነዚያን ልጆች ሰምቻቸዋለሁ፤ ክፉ ልጆች አይደሉም። የሚጠይቅዎት ሰው ስላለ ደስ ይለኛል። አባትዎ ግን ማንም የላቸውም። ስምዎን ነግሬያቸዋለሁ፤ አንቱ እንደሚባሉም ነግሬያቸዋለሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። አይጥሏቸው።»

«አልገባኝም» የሚለው ላይ ስደርስ ጋሽ ይልማ ቢኖሩ ውሃ ጠጪ ይሉኝ ነበር። አሳለፍኩት። አማን በእንግሊዝኛ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ተዉትና በአማርኛ፣ «አውቃለሁ፣ እማዬ» አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፉ።

ቀብሩ ላይ የሄድኩት እንደ ሰው እንጂ እንደ አስተርጓሚ አይደለም። ፍትሐት ሲደረግ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ቆመዋል። አማን ግን አልነበሩም። ስወጣ ፓርኪንጉ ዳር፣ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ለብቻቸው ቆመው አገኘኋቸው። በየት በኩል እንደሚቆሙ ስላላወቁ አልገቡም። ሰው የእናታቸውን ስም እየጠራ ሲያለቅስ በግድግዳው ውስጥ ይሰሙ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ።

አቶ ደምሴ ወጡ። ሰው ሊደግፋቸው ሲል እጁን ለቀቅ አድርገው ወደ እኛ መጡ። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ሁለት ዓመት ውስጥ ሸብተዋል።

«ስሙን ነግራኛለች» አሉ በአማርኛ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ብቻዬን መኪና ውስጥ ስሆን ለማለት ሞክሬአለሁ። አፌ አልሄድ አለኝ።»

አማን ወደ እኔ ዞሩ። ግማሹን እንደሰሙ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ግን እርግጠኛ መሆን ፈለጉ። በእንግሊዝኛ አቶ ደምሴን ሆኜ ተናገርኩ።

አማን ወደ አባታቸው ዞሩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሳይጮኹ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ልትሞክር ትችል ነበር። እማዬ እያለች» አሉ።

ይህንንም አላለሳለስኩም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሞክሩ ይችሉ ነበር። እማዬ እያለች» አልኩ።

አቶ ደምሴ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ልክ ነ...» አሉ፤ ቆሙ።

ነሽ ሊሉ እንደነበር፣ ነህ ሊሉ እንደነበር፣ ወይስ አንቱ ሊሉ እንደሞከሩ አላውቅም። ዕድሜ ልካቸውን ለልጃቸው ያሉትን «ነሽ» አልጨረሱትም፤ ሌላውንም አላገኙትም። ቃሉን እንደ ተቆረጠ ትተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ቆሙ። ሰዎች መጥተው ወደ መኪናው ወሰዷቸው።

«ምን አለ?» አሉኝ አማን።

በእንግሊዝኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ፣ ልክ ነዎት ሁሉም በአንድ ቃል ያልቃል። «ልክ እንደሆኑ ነው የነገሩዎት» ማለት ብቻ ነበር የሚቻለው፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ አልኩ። አማን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የእናታቸው አስከሬን ያለበት መኪና ሲንቀሳቀስ በእግራቸው ከኋላ ተከተሉ። አባታቸው ያቆሙትን፣ ያላሉትን ግን ወደ እንግሊዝኛ የማሳልፍበት መንገድ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሥራ የምታከፋፍለን ሴት ኮል ስታደርገኝ አላነሣሁም፤ ባጄን የመለስኩትም በዚያው ሰሞን ነው።